ቤቱን ማን አስረጀው?

እርጅና የማንም ጥፋት አይደለም። ሽማግሌ ሲሞት “ዕድሜ ጠግቦ ነው” ተባብለን፣ ንፍሮ ቆርጥመን፣ ነፍስ ይማር ብለን ወደየቤታችን እንመለሳለን፤ ገዳይ የሚፈልግ የለም። በ2016 ዓ.ም. በወርኃ መጋቢት የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ከየአቅጣጫው የሰማነውም ይህንኑ የማጽናኛ ቃል ነበር። ቤቶቹ አርጅተዋል፤ ጎስቁለዋል፤ ለሰው ልጅ መኖሪያነት አይበቁም።

እኔም እላለሁ፦ እውነት ነው። አርጅተው ነበር፤ ጎስቁለው ነበር፤ ለመኖሪያነትም አይበቁም ነበር። ይህን የሚክድ ሰው በእንዲህ ያለ ሰፈር አንድ ክረምት እንኳ ያላሳለፈ ሰው ነው። ነገር ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጉርሻ ተከልክሎ በሞተ ሰው ሬሳ ፊት ቆሞ “ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው” የሚል ዘመድ ቢኖር፣ ለቀስተኛው ቀና ብሎ ሊያየውና አንድ ነገር ሊጠይቀው ይገባል። ለመሆኑ የሟቹ ቀለብ በማን እጅ ነበር?

ከተሞች ታሪካዊ ሕንፃዎቻቸውን ይጠብቁ ወይስ በአዲስ ይተኩ የሚለው ሙግት በሀገራችን ሲነሣ፣ ተሟጋቹ ወዲያው በሁለት ጎራ ይሰለፋል። በአንደኛው ጎራ ሹሙ፣ መሐንዲሱና ባለሀብቱ አሉ። በሌላኛው ጎራ ግጥም የምንጽፈውና ግጥም የምናነበው እኛ አለን። እነዚያ “ይፍረስ” ይላሉ፤ እኛ “አይፍረስ” እንላለን፤ እነሱ ያፈርሳሉ፤ እኛ እንገጥማለን። ልብ ብላችሁ ከሆነ ግን ሁለቱ ጎራዎች ሳይመካከሩ የተስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ቤቱ በራሱ ጊዜ፣ በተፈጥሮ ሕግ አርጅቷል ብለው ማመናቸው። ልዩነታቸው እርጅናው ለእነዚያ አስቀያሚ፣ ለእኛ ደግሞ ውብ ሆኖ መታየቱ ብቻ ነው። የእኔ ሙግት ከሁለቱም ጋር ነው።

ከራሳችን ሰዎች ልጀምር። የዛገ ቆርቆሮ፣ የዘመመ በረንዳ፣ የተላጠ ልስን… እነዚህ ነገሮች በስንኞቻችን ውስጥ ጌጥ ሆነው ከርመዋል። የዛገ ቆርቆሮ ማለት እኮ ሐምሌ ሲገባ አልጋ ከግድግዳ እየተገፋ፣ ባልዲ ከጣራው ሥር እየተደረደረ የሚታደርበት ቤት ማለት ነው! የዘመመ በረንዳ ማለት እናት ልጇን ለብቻው የማታስወጣበት በረንዳ ማለት ነው። አሥራ ሁለት አባወራ አንድ መጸዳጃ ቤት የሚጋራበትን ግቢ “የፍቅራችን ጎጆ” ብሎ የሚገጥም ገጣሚ፣ አብዛኛውን ጊዜ የራሱን መጸዳጃ ቤት ከውስጥ ቆልፎ የሚቀመጥ ገጣሚ ነው። “ሌቱም አይነጋልኝ”ን አንብቦ ውቤ በረሃን የናፈቀ ወዳጅ አለኝ። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በዚያ መጽሐፍ የሳለው የሴተኛ አዳሪዎችን ሌሊት ነበር። ያንን አንብቦ ሰፈሩን ማወቅ ይቻላል፤ መመኘት ግን እንዴት ይቻላል?

አፍራሹ ከናፍቆታችን የሚፈራው ነገር የለም። እንዲያውም ይመቸዋል። “እናንተ በሰው ድህነት ላይ ትገጥማላችሁ፤ እኛ ግን ውሃና መብራት ያለው ቤት እንሰጣለን” ሲለን አፋችንን ይዘን እንቀራለን። መልስ ያጣነው አቅም አንሶን አይደለም፤ ክርክሩን እሱ በዘረጋው ሰሌን ላይ ተቀምጠን ስለምንከራከር ነው።

አክስቴ መሀል አዲስ አበባ በሚገኝ የቀበሌ ቤት ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረዋል። ወርኃዊ ኪራያቸው አሥራ አራት ብር ነበር። ቤቱ በጊዜው ደኅና ቤት ነበር፤ ከሥሩ የድንጋይ መሠረት፣ ከላዩ እንጨትና ጭቃ፣ ፊት ለፊቱ የእንጨት በረንዳ። በአንድ ክረምት ከጣራው ጥግ በኩል ማፍሰስ ጀመረ። አክስቴ በገዛ ገንዘባቸው ሁለት ቆርቆሮ ሊያስቀይሩ ፈለጉ። “ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ያለ ፈቃድ ምስማር መምታት አይቻልም” ተባሉ። ማመልከቻ አስጻፉ። ማመልከቻው ወደ ላይ ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ “አካባቢው በመልሶ ማልማት ዕቅድ ውስጥ ያለ በመሆኑ ጥገና አይፈቀድም” የሚል መልስ ይዞ መጣ። ዕቅዱ መቼ እንደሚፈጸም ሲጠይቁ የሚያውቅ አልተገኘም። አክስቴም ጣራው ላይ ላስቲክ አስወጥተው፣ በላስቲኩ ላይ ድንጋይ አስጭነው፣ አሥራ አንድ ክረምት ተቀመጡ። ውሃው ከጥጉ ወደ ማገሩ ወረደ፤ ማገሩ በሰበሰ፤ ጭቃው አብጦ ልስኑን ጣለው። በመጨረሻ ክላሰር የያዘ ወጣት ባለሙያ መጣና ግድግዳውን በእስክርቢቶው ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ “ለመኖሪያ የማይመች” ብሎ ጻፈ።

ወጣቱ ልጅ አልዋሸም። የጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ያ እውነት በአሥራ አንድ ክረምት ውስጥ፣ በማኅተም፣ በፊርማና በወጪ ቁጥር የተመረተ እውነት ነው።

የጭቃ ቤት ደካማ ነው የሚለው አባባል ራሱ ሊፈተሽ ይገባዋል። የጭቃ ቤት ጠላቱ ዘመን አይደለም፤ ውሃ ነው። ከላይ በምስማር ቀዳዳ፣ ከታች በመሠረቱ ዙሪያ የሚቋጥር ውሃ። ቆርቆሮው በጊዜው ከተቀየረ፣ አሸንዳው ከተጠረገ፣ ልስኑ በየዘመን መለወጫው ከታደሰ፣ የጥድ ምሰሶና በጭድ የተመረገ ግድግዳ ልጅ ለልጅ ልጅ የሚያወርሰው ቤት ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። በአንጻሩ አሸንዳው ያልተጠረገ ኮንክሪት ስንት ዓመት እንደሚቆይ ለማየት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ከተሠሩት የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች አንዳንዶቹን ዞር ብሎ መመልከት ይበቃል። ነገሩ ጭቃና ኮንክሪት ሳይሆን፣ ጣራ ላይ የሚወጣ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው።

እንግዲህ ጣራ ላይ የሚወጣው ሰው የጠፋበትን ቀን በትክክል መናገር ይቻላል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አዋጁን በጅምላ ከሚረግሙት ወገን አይደለሁም። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባ መሬት አብዛኛው በጥቂት መኳንንትና ባለርስቶች እጅ ነበር፤ ከአዋጁ በኋላ ኪራይ ቀነሰ፤ ድሀ መሀል ከተማ ላይ ተቀምጦ ልጁን የሚያስተምርበት ዕድል አገኘ። የሀብታሙ ግንብና የሊስትሮው ጎጆ አጥር ለአጥር የሚዋሰኑባት ከተማ ሆና የኖረችው በከፊል በዚያ አዋጅ ምክንያት ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዳሩ ግን አዋጁ ቤትን ከሰው ለየ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደ፤ የተረፈው ተወረሰ። ወርኃዊ ኪራዩ እስከ መቶ ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ተመደበ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚኖርበት ሰው ባለቤት አልነበረም፤ ባለቤቱም አይኖርበትም ነበር። ተከራዩ የራሱ ባልሆነ ነገር ላይ ገንዘብ ለማውጣት ያመነታል፤ ላውጣ ቢልም እንደ አክስቴ ይከለከላል። ባለቤቱ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት በቆመ ኪራይ ቆርቆሮ ቀርቶ ምስማር የሚገዛበት ገንዘብ አይሰበስብም፤ ቢሰበስብም እዚያው ቤት ላይ አይመልሰውም። መንግሥታት ተለወጡ፤ ሕገ መንግሥት ተለወጠ፤ በ1986 እና በ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጆች ወጡ። የቀበሌው ቤት ግን ያው የቀበሌ ቤት እንደሆነ ቀረ።

እኔ በባንክ ቤት መስኮት ኋላ ተቀምጬ የምውል ሰው ነኝ፤ ስለ ሕንፃ ውበት የሚያወራኝ ባይኖርም ስለ ሕንፃ ዋጋ ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን የለም። ብድር የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚጠየቀው የቤቱን ካርታ ነው። የቀበሌ ቤት ነዋሪ ካርታ የለውም። ካርታ ስለሌለው መያዣ የለውም፤ መያዣ ስለሌለው ጣራውን የሚቀይርበት ብድር የለውም። የፒያሳ ባለ አንድ ፎቅ ቤት፣ ያ ሁሉ የተጠረበ ድንጋይና የተፈለፈለ እንጨት፣ ለሚኖርበት ሰው ከአንድ አሮጌ ታክሲ ያነሰ የብድር ዋስትና ነበር። ታክሲው ሊብሬ አለው።

በሂሳብ መዝገብ ላይ ደግሞ “የእርጅና ቅናሽ” የሚባል ነገር አለ። ለሕንፃ በየዓመቱ ከመቶ አምስት እየተባለ ሲቀነስ ኖሯል፤ በሃያኛው ዓመት ሕንፃው በወረቀት ላይ ያለቀለት ነው። ሕንፃው ግን መዝገቡን ስላላነበበ መቆሙን ይቀጥላል። (የምሥራ ባልደረቦቼ በዚህ ቀልድ አይስቁም፤ እናንተ ግን የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ናችሁና እታገሣችኋለሁ።) ከእርጅና ቅናሽ ጎን “የጥገና ወጪ” የሚባል ሌላ አምድ አለ። የመጀመሪያው አምድ ከዓመት ዓመት ተሞልቶ ሁለተኛው ባዶውን የቀረበት መዝገብ በእጁ የገባ ኦዲተር ስለ ንብረቱ ዕድሜ አይጠይቅም። ንብረቱን ተረክቦ የፈረመውን ሰው ነው የሚጠይቀው።

ይህ የእኔ የሂሳብ ሠራተኛ ምሬት ብቻ አለመሆኑን ለማየት፣ በከተማችን የቆሙትን አሮጌ ሕንፃዎች መቁጠር በቂ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ለአድዋ ድል መታሰቢያ ተሠርቶ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በፋሺስቶች እሳት ተለቆበት፣ ዛሬም ቆሟል። ለምን? ደብር ስላለው፣ ካህንና ምእመን ስላለው፣ ጣራው ሲያፈስ የሚጮኽለት ስላለው። ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ተቃጠለ፤ ከዚያም ተጠግኖ እንግዳ መቀበሉን ቀጠለ፤ ከእሱ እንጀራ የሚበላ ሰው ስላለ። በ1953 ዓ.ም. በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ የተሠራውና የአፈወርቅ ተክሌን ባለ ቀለም መስታወት የያዘው የአፍሪካ አዳራሽ፣ ተባበሩት መንግሥታት ለዓመታት አድሶት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። ዕድሜ ገዳይ ቢሆን ኖሮ እነዚህም በሞቱ ነበር። ከዶሮ ማነቂያው ቤት የሚለዩት በድንጋያቸው ጥራት ብቻ አይደለም፤ ደብዳቤ የሚጻፍለት ባለቤት ስላላቸው ነው።

ሐረርንም አስቡ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘገበው ግንቡ ብቻ አልነበረም፤ በግንቡ ውስጥ ያሉት፣ ሰው የሚኖርባቸው የአደሬ ቤቶች ጭምር ናቸው። እነዚያ ቤቶች በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ ናቸው። በውስጣቸው ቤቱን ቤቴ የሚል ቤተሰብ አለ፤ መደቡን የሚቀባ፣ ግድግዳውን ኖራ የሚለቀልቅ፣ በዓል ሲመጣ በእንግዳ ፊት እንዳያፍር የሚጨነቅ ቤተሰብ። ቅርስን ከዚህ ዓይነቱ ኀፍረት የበለጠ የጠበቀው መሥሪያ ቤት አላውቅም።

አሁን ወደ አፍራሾቹ ክርክር ልመለስ፤ አንዳንዱ ክርክራቸው ጉልበት አለውና።

ከሁሉ የሚያይልብኝ ይህኛው ነው፦ “ኢትዮጵያዊ ለቤት ተጨንቆ አያውቅም፤ ከተማ የሚለው ቃል ራሱ የጦር ሰፈር ማለት ነበር፤ ነገሥታቶቻችን ድንኳን ነቅለው ድንኳን ሲተክሉ ነው የኖሩት፤ የእኛ ቅርስ ታሪኩ እንጂ ግድግዳው አይደለም።” እውነትነት አለው። ምኒልክ አንኮበርን ትተው እንጦጦ፣ እንጦጦን ትተው ፍልውሃ ወረዱ፤ ማገዶ ባለቀ ጊዜ ደግሞ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዞሩ አስበው ነበር። ያስቀራቸው በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ መምጣቱ ነው። ያ ባይሆን ኖሮ አዲስ አበባ ዛሬ እንደ አንኮበር አቀበት የምንጎበኛት ፍርስራሽ በሆነች። ግን ከዚህ ታሪክ የምንማረው ተቃራኒውን ነው። አዲስ አበባ ማለት ድንኳኑ ደክሞት የተቀመጠባት ቦታ ናት። ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው “እዚሁ ነኝ” ብሎ ድንጋይ ያስጠረበባት፤ ህንዱን፣ አርመኑን፣ ግሪኩን ግንበኛ ከራሱ አናጢ ጋር አጣምሮ፣ የሀገሩን ሰቀላ ከሩቅ ሀገር በረንዳ ጋር አጋብቶ የሠራባት ናት። የዘላንነታችን ዘመን ያበቃባትን ከተማ በየሠላሳ ዓመቱ እያፈረሱ እንደገና መትከል፣ ቦታ ሳይለቁ መሰደድ ነው።

ሁለተኛው ክርክር “የጣሊያን ቤት ነው፤ የባዕድ ነው” የሚለው ነው። ይህኛው ግን ደካማ ነው። ፒያሳ የሚለው ስም በወረራው ዘመን መጣ እንጂ ቦታው አራዳ ነበር፤ ጊዮርጊስ አጠገብ ታላቁ ገበያ የቆመበት አራዳ። ገበያውን ነቅለው ወደ መርካቶ የወሰዱት ጣሊያኖች ናቸው። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው ባንካችን፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ የተተከለው በዚሁ አካባቢ ነበር፤ የእቴጌይቱም ሆቴል እንዲሁ። ጣሊያን ሲገባ እነዚህ ነበሩ። በሌላ በኩል በ2017 ዓ.ም. የፈረሰው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው “ኢንቺስ” ከሚባል ተቋም ነው፤ የኢንቺስ ቤቶች፣ ካዛ ኢንቺስ። ይሁን፤ የተሠራው በወራሪ ነው። ግን ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ የወለደበት፣ ያገባበት፣ የዘፈነበት፣ ቀብሩን ያስወጣበት ማነው? ጎረቤቶቻችን የአስመራን ከተማ በ2009 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲያስመዘግቡ ቅኝ ገዢያቸውን ለማመስገን ያደረጉት አይመስለኝም።

ደግሞ ባዕድነት ከተነሣ አንድ ነገር ላንሣ። አዲስ አበባን እንደ ባዶ ሜዳ ቆጥሮ፣ ያለውን ሁሉ ሰርዞ፣ በቀጥታ መስመር የሳላት ታላቁ የፈረንሳይ አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ለሙሶሊኒ ሐሳብ ሲያቀርብ። በዚያ ንድፍ ላይ አራዳ የለም፤ ሠራተኛ ሰፈር የለም፤ የሰው ቤት የለም። እንግዲህ “ሁሉን አጥፍቶ ከባዶ መጀመር” የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ካለ፣ ከእኛ አባቶች አይደለም።

ሦስተኛው ክርክር የገንዘብ ነው፤ ይህ ደግሞ የእኔ ሰፈር ነው። “መሀል ከተማ ያለ ቦታ ውድ ነው፤ በአንድ ፎቅ ቤት አይያዝም።” ቦታው ውድ መሆኑን እኔ ለማንም አልክድም። ነገር ግን የሀገሪቱ ትልቁ ባንክ ራሱ የሰጠውን መልስ ተመልከቱ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ያስመረቀው ባለ 53 ፎቅ ሕንፃ ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ቁመት አለው። ከጎኑ ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ሄንሪ ሾሜት የነደፈው ክቡ ሕንፃ አለ። ሰማይ ጠቀሱ እንዲቆም ክቡ መፍረስ አላስፈለገውም። ከእነዚያ ሁለት ሕንፃዎች ሥር ቆሞ “ወይ አሮጌው ወይ አዲሱ” ብሎ መከራከር የሚችል ሰው አይታየኝም። ለባንክ የተቻለው ለሰፈር የማይቻልበት ምክንያት ካለ ይነገረን።

ሕግ የለንም እንዳይባል ሕግ አለን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው የመጠበቅና የመንከባከብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ይህን ድንጋጌ በግለሰብ ላይ ስናነበው ግልጽ ነው፤ የአያቱን ቤት ያፈረሰ ወራሽ ይጠየቃል። ቤቱ የመንግሥት ሲሆንስ? ባለይዞታው መንግሥት፣ ጠባቂው መንግሥት፣ መዝጋቢው መንግሥት፣ አፍራሹ መንግሥት፣ ስለ መፍረሱ ተገቢነት የሚመሰክረውም መንግሥት ከሆነ፣ ከሳሽ የሚሆነው ማነው? አዋጁ ጥርስ የሌለው ሳይሆን፣ የራሱን ምላስ የሚነክስ ሆኖ ነው የተገኘው።

ሁሉም ይቆይ አልልም። ግቢ ውስጥ በተርታ የተቀጣጠሉት፣ መስኮት እንኳ የሌላቸው ክፍሎች ነገ ቢፈርሱ እኔ ደስታዬ ነው፤ ነዋሪዎቻቸው እዚያው አካባቢ የተሻለ ቤት እስካገኙ ድረስ። የምጠይቀው እያንዳንዱ ቤት ከመፍረሱ በፊት ሁለት ገጽ እንዲጻፍለት ነው። በአንደኛው ገጽ መቼ፣ በማን፣ ከምን እንደተሠራና ልኩ፤ ከፎቶግራፍ ጋር። በሁለተኛው ገጽ በእነዚህ ሃምሳ ዓመታት ምን ያህል ኪራይ እንደተሰበሰበበትና ምን ያህል እንደተጠገነበት። ሁለተኛው ገጽ ባዶ ከሆነ “አርጅቷል” የሚለው ቃል ከውሳኔው ወረቀት ላይ ይሰረዝና “ሳይጠገን ቀርቷል” ተብሎ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ማፍረስ ካለበት ያፍርስ። ለቆሙት ደግሞ ካርታው ለነዋሪው ይሰጥ፤ ፊት ለፊቱን እንዳይለውጥ፣ ጣራውን እንዳያስተጓጉል ግዴታ ይግባ፤ ባንክም ያበድረው። ለጣራ የሚሆን ብድር ከመኪና ብድር የሚከብድ ነገር የለውም፤ ከሥራዬ ስለማውቅ ነው የምናገረው።

ለእኛ ለጸሐፊዎቹም ሥራ አለ። እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ውቤ በረሃ… እነዚህ ስሞች በውስጣቸው ዓረፍተ ነገር አለ። በከንቱ የጮኸ ሰው ነበር፤ ምኒልክ የሰበሰቧቸው ባለእጆች ነበሩ፤ ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። ስለ ዝገት የምንገጥመውን ያህል ስለ እነዚህ ሰዎች ብንጽፍ፣ ስለ አናጢው፣ በረንዳውን ስለፈለፈለው፣ ማመልከቻ ስላስጻፈችው ሴት ብንጽፍ፣ አፍራሹ ቢያንስ ማንን እንደሚያፈርስ ያውቅ ነበር።

አክስቴ አሁን ከከተማው ዳር፣ ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ስለ አሮጌው ቤት ሳነሣባቸው “ተወኝ እስቲ ልጄ፣ ከነዝናቡ ይሂድ” ይሉኛል። ጥያቄዬ ግን የእሳቸውን ናፍቆት የሚጠብቅ አይደለም። የኪራይ ደረሰኞቻቸው በአንድ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ በየዓመቱ ታስረው ተቀምጠዋል፤ ቁጭ ብዬ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ አንድ ወር አልጎደለም። በሠላሳ ምናምን ዓመት ውስጥ ተከራይዋ የድርሻቸውን ከፍለዋል ማለት ነው። የጥገናውን ደረሰኝ የያዘ መሥሪያ ቤት ካለ፣ እኔ ለማስታረቅ ዝግጁ ነኝ፤ ሥራዬም እሱ ነው።